አሥራ ሁለቱ የፓሪዴ ጥይቶች

የደን ጠባቂው የኦቶሪኖ ሬሳ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቀበሮ ምንጭ አጠገብ ነው። ያገኘችው እንጉዳይ ለቀማ የወጣች አንዲት ባልቴት ነበረች። እስከ ፖጆ ሉፓዮ ድረስ እየጮኸች ሮጠች እንጂ ቅርጫቷን አልጣለችም። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ማሬሻሎ ኤፊዚዮ ቃሏን ሲቀበላትም ቅርጫቱን ጭኗ ላይ አድርጋ በሻርፗ ሸፍናው ነበር። ሰው ቢሞትም እንጉዳይ የሚበቅልበትን ቦታ ለማንም አታሳይም።

"እኔ የምጠይቅሽ ሬሳው የት እንዳለ ነው" አላት።

"እሱንማ እወስድሃለሁ" አለች። "ግን እኔ በመጣሁበት መንገድ አይደለም።"

ዞረው ዞረው ሄዱ። ማሬሻሎው የሰርዲኒያ ደሴት ሰው ነው። በዚህ የቶስካና ኮረብታ መንደር አሥራ አንድ ዓመት ሲኖር ጠመንጃ ይዞ ጫካ ገብቶ አያውቅም። በፖጆ ሉፓዮ የማያድን ወንድ እንደ በሽተኛ ስለሚቆጠር ሴቶቹ ዛሬም ድረስ ባገኙት ቁጥር ጤንነቱን አዝነው ይጠይቁታል።

ኦቶሪኖ በጀርባው ተንጋሏል። ከሦስት እርምጃ ርቀት በአንድ ጥይት ደረቱን ተመትቷል። የራሱ ጠመንጃ ከትከሻው አልወረደም። ገዳዩ ቀለሁን ይዞ ሄዷል፤ ዱካውን ደግሞ ዝናብ አጥቦታል።

"የሚያውቀው ሰው ነው የገደለው። ባያውቀው ጠመንጃውን ያወርድ ነበር" አለ የአሥር አለቃ ፋውስቶ። ፋውስቶ የዚሁ አገር ልጅና የለየለት አዳኝ ነው።

"እዚህ የማይተዋወቅ ማን አለ?"

"እሱን የማይጠላስ ማን አለ?" አለ ፋውስቶ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ከከተማ የመጣ አንድ የጥርስ ሐኪም ላይ ወደቀ። ዓርብ ዕለት ከጠባቂው ጋር ተሰዳድቦ፣ "ጥርስህን ነው የማረግፍልህ!" ሲል መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል። ሆኖም ሰውየው ቅዳሜን ከማለዳ ጀምሮ መጠጥ ቤት ተቀምጦ የመጠጥ ቤቱን ጌታ የተነቃነቀ መንጋጋ ሲጎረጉር ነበር። ሰባት ሰዎች ቆመው አይተውታል። ስምንተኛው ምስክር ታካሚው ነው፤ እሱ ግን መናገር አልቻለም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የአውራጃው ሐኪም በብልቃጥ አንድ ነገር ይዞ መጣ። የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል፣ በደምና በባሩድ የጠቆረ ነገር ነበር።

"ከእርሳሱ ፍሬዎች ጋር ከደረቱ ያወጣሁት ነው" አለ።

ፋውስቶ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። "ውታፍ ነው። በባሩዱና በእርሳሱ መካከል የሚገባው። የፋብሪካ ጥይት ውታፉ ፕላስቲክ ነው። ይሄ ግን ከተጠቀጠቀ ሱፍ በእጅ የተቆረጠ ነው። ቤት ውስጥ የተሞላ ጥይት ነው ማሬሻሎ።"

"በዚህ መንደር ጥይት ቤቱ የሚሞላ ማነው?"

"የሚሞክሩ አሉ። የሚሞላው ግን ሴቲሚዮ ብቻ ነው። ሌላው የሞላው ይጨሳል እንጂ አይተኮስም።"

የሴቲሚዮ ስም ሲነሳ የሁለቱም ሐሳብ ወደ አማቹ ወደ ሎሪያኖ ሄደ። ሎሪያኖ በተከለከለ ደን ሲያድን ኦቶሪኖ ሁለት ጊዜ ይዞ አስከስሶታል። ባለፈው ወር መጠጥ ቤት ውስጥ "ሦስተኛ ከያዘኝ አንዳችን ከደኑ አንወጣም" ብሎ ነበር። ጠመንጃው ቤቱ ሲገኝ ከአፈሙዙ አዲስ የባሩድ ሽታ ይወጣ ነበር። ዝናሩ ውስጥ የነበሩት ጥይቶችም የአማቱ ሥራ ናቸው። እሑድ ማታውኑ ጣቢያ አስገቡት።

"ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ?" አለው ማሬሻሎው።

"ጫካ።"

"የት ጫካ?"

"ጫካ ነዋ። ዛፍ ያለበት።"

"ማን አየህ?"

"ሰው እንዳያየኝ አይደል እንዴ የምሄደው!"

"ሎሪያኖ፣ ረቡዕ ዕለት ወደ ከተማ ወህኒ ቤት ትላካለህ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእኔ እጅ ወጣ።"

ሎሪያኖ አንገቱን ደፍቶ ብዙ አሰበ። ኋላ ቀና ብሎ ፋውስቶን አየው። "እሱ ይውጣ።"

ፋውስቶ በቁጣ ደም ሥሩ ተገታትሮ ወጣ። ያን ጊዜ ሎሪያኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤካቻ የምትባለው ምንቃረ ረጅም ወፍ ከሰሜን ስትመጣ የምታርፍበትን የድሮ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ከሦስቱ ግንዶች ሥር ያለውን ረግረግ ተናገረ። እያንዳንዱን ቃል ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ነው ያወጣው። ማሬሻሎው ሄዶ ሲያይ እርጥብ ላባ ብቻ አገኘ። ላባ ደግሞ ሰዓት አይናገርም።

"የት ነው ብሎ ነገረህ?" አለው ፋውስቶ፣ ማሬሻሎው ሲመለስ። "ለሕጉ ስል ነው የምጠይቅህ።"

ሰኞ ጠዋት ማሬሻሎው ብልቃጡን ይዞ ወደ ሴቲሚዮ ቤት ወጣ። በሩን የከፈተችለት የሎሪያኖ ሚስት ዮሌ ነበረች። ዓይኗ አብጧል።

"ባቦ ወጥ ቤት ነው" አለችው፤ አባቷን ማለቷ ነው። "ካንተ ጋር መነጋገር ከፈለገ እንኳ ተአምር ነው። ከባሌ ጋር በአንድ ገበታ ስድስት ዓመት ሲበሉ ጨው አቀብለኝ ተባብለው አያውቁም። አሁን ደግሞ ከእኔም ጋር ዝም አለ።"

ሴቲሚዮ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። የቀድሞ ጫማ ሰፊ ነው፤ ለጳጳስም ሳይቀር "አንተ" ነው የሚለው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ ሥራውን ይዟል። ማሬሻሎው ስለዚህ እጅ አሥራ አንድ ዓመት ሲሰማ ኖሯል፣ ሲሠራ ግን አይቶ አያውቅም።

"ተቀመጥ" አለው ሽማግሌው። "ትንፋሽህን ብቻ ከባሩዱ አርቅ።"

ከወረቀት የተሠራውን ቀለህ አንስቶ ቂጡ ላይ አዲስ መለኮሻ ገጠመለት። ከዚያ መስኮቱን ከፍቶ እጁን ወደ ውጭ አወጣ፣ አየሩን በጣቶቹ አሻሸው፣ ዘጋው። "እርጥበት አለ" አለና በትንሿ የናስ ሚዛን ላይ ባሩዱን መዝኖ በቢላ ጫፍ ጥቂት ቅንጣት ጨመረ። ያን ባሩድ ቀለሁ ውስጥ ገለበጠው። የካርቶን ክዳን፣ ከዚያ የሱፉን ውታፍ አስከትሎ በእንጨት ዘንግ ተጫነው። ሲጫን ዓይኑን ጨፈነ።

"ለምን ይጨፍናሉ?"

"እጄ እንዲያይ ነዋ። ብዙ ከተጫንኩት ጠመንጃው ትከሻ ይሰብራል፤ ካነሰ ደግሞ ወፏ ትስቅብሃለች።"

እርሳሱን ሰፈረ፣ በላዩ ስስ ካርቶን አለበሰ፣ ቀለሁን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በታሰረችው ማሽን ውስጥ አስገብቶ እጀታዋን ሦስት ጊዜ አዞረ። የወረቀቱ አፍ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደ ጥሩ ጫማ ጠርዝ ለስልሶ ተዘጋ። ሽማግሌው ጥይቱን ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው። ቅር ብሎት መልሶ ነቀነቀው። ማሬሻሎው ምንም አልሰማም። ሴቲሚዮ ግን "ያንሾካሹካል" ብሎ አፉን ፈታና ከመጀመሪያው ጀመረ።

"ለማን ነው?"

"ለቄሱ። ትከሻውን ያመዋል፣ ስለዚህ ለስለስ አደርግለታለሁ። የዱይሊዮ ጠመንጃ ደግሞ ብረቱ ሳስቷል፣ የእሱን እቀንሳለሁ። ሁሉም እንደየጠመንጃው ነው። ባዶውን ይመልሱልኛል፣ ሙሉውን እሰጣቸዋለሁ።"

"አንድን ቀለህ ስንቴ ይሞሉታል?"

ሽማግሌው ፈገግ አለ። መርፌ አንስቶ በቀለሁ የናስ ቂጥ ከንፈር ላይ፣ ያልነገሩት ሰው ሊያየው የማይችለው ነጥብ ጠቆመ። "በሞላሁ ቁጥር አንድ ነጥብ። አራት ሲደርስ ደክሟል፣ እጥለዋለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ካንተ በቀር ያየኝ ሰው የለም።"

ማሬሻሎው በልቡ ተደነቀ። ሰው ለወፍ ይህን ያህል ይጨነቃል ብሎ አስቦ አያውቅም። በጣቢያው የሚያልፉትን ወረቀቶች ሁሉ እንዲህ በጥንቃቄ የሚሠራ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ሥራ በቀለለ ነበር አለ። ከዚያ ብልቃጡን አውጥቶ ጨርቁ ላይ አኖረው፤ ማኖሩንም አልወደደውም።

ሴቲሚዮ ውታፉን ከቧንቧው ሥር ይዞ አጠበው። ሦስት ክብ ሱፎች በሙጫ ተጣብቀዋል። በጥፍሩ አንዱን ከሌላው አላቀቀው። ውስጡ ደም ያልደረሰበት ነበርና መልኩ ወጣ፤ አረንጓዴ ነው። ሽማግሌው ወንበሩን ሳያይ ቁጭ አለ።

"የፓሪዴ ባርኔጣ" አለ።

ፓሪዴ ከሁለት ዓመት በፊት ገደል ወድቆ በብርድ የሞተ አዳኝ ነው። ማሬሻሎው ያስታውሰዋል።

"አዳኝ ሲሞት ባርኔጣው ወደ እኔ ይመጣል" አለ ሴቲሚዮ። "ውታፍ እቆርጥበታለሁ። ለቡድኑ ለአሥራ ሁለታችን አሥራ ሁለት ጥይት እሞላለሁ፣ ለዚያች ቀን ተብሎ በተገዛ አዲስ ቀለህ። ሬሳው ሲወርድ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ ሰማይ እንተኩሳለን። ባርኔጣው እዚያው ሰማይ ላይ ይቀራል። በመንደሩ አረንጓዴ ባርኔጣ የነበረው ፓሪዴ ብቻ ነው፤ የተረፈውን ቁራጭ ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ በእጄ ነው የከተትኩት።"

"ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሎሪያኖ ነው?"

በሩ ላይ ዮሌ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። አባቷ ቀና ብሎ አያት።

"ነው" አለ። "ግን ሁሉም ተኩሰዋል። ያ ጥይት የለም።"

"የለም የሚሉት ከሰው ደረት ነው የወጣው ሲኞር ሴቲሚዮ። አንደኛው ሳይተኩስ ደብቆታል ማለት ነው። አሥራ ሁለቱ ውስጥ ደግሞ ጠባቂው ላይ የዛተ አንድ ሰው ብቻ ነው።"

"ባቦ፣ በል አንድ ነገር ተናገር!" አለች ዮሌ። "ሎሪያኖን ትጠላዋለህ፣ ይሁን። እኔንስ?"

ሽማግሌው የመርፌውን ጫፍ ብቻ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ይነካ ነበር።

ያን ቀን ማሬሻሎው የቡድኑን ሰዎች አንድ በአንድ አነጋገረ። ሁሉም ለፓሪዴ ተኩሻለሁ አሉ፣ ግማሾቹም ተቆጡ። "ለሞተ ሰው ያልተኮሰ ከኛ ጋር ውሎ ያድራል?" አለው አንዱ። የሴቲሚዮ የአርባ ዓመት ጓደኛ ዱይሊዮ ብቻ አልተቆጣም። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሚስት የሞተችበት ሽማግሌ ነው። ለዮሌ አንድ ቅርጫት እንጉዳይ ሊያደርስ መንገድ ጀምሮ ሳለ ነበር ማሬሻሎው ያገኘው።

"ተኩሰሃል?" አለው ማሬሻሎው።

"ከሴቲሚዮ ጎን ቆሜ።" ከዚያ ቅርጫቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና፣ "ለሎሪያኖ ብርድ ልብስ ሰጣችሁት?" አለ።

"ሁለት።"

"ጥሩ ነው። ጣቢያችሁ ግድግዳው ላብ አለው።"

ማክሰኞ ጠዋት ማሬሻሎው የሎሪያኖን የዝውውር ወረቀት ሲፈርም ሴቲሚዮ ገባ። ጢሙን ተላጭቶ ለቀብር የሚለብሰውን ጥቁር ልብስ ለብሷል።

"ተነስ" አለ። "መቃብር ቤት እንሄዳለን።"

በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረም። የፓሪዴ መቃብር ከግንቡ ሥር ነው። በብረት መስቀሉ ዙሪያ አሥራ ሁለት ባዶ ቀለሆች አፋቸውን ወደ ታች አድርገው አፈር ውስጥ ተተክለዋል። ወረቀታቸው በዝናብ በስብሷል፤ የናስ ቂጣቸው ግን ከአፈሩ በላይ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ይታያል።

"ተኩሰን ስንጨርስ እዚህ እንተክላቸዋለን" አለ ሴቲሚዮ። "በዕድሜ ተራ ነው። ታላቅ የሆነው ከመስቀሉ በስተቀኝ ይጀምራል። እኔ አንደኛ ነኝ። ሎሪያኖ የመጨረሻ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ያልተኮሰ ሰው ቦታው ባዶ እንዳይሆን ሌላ አሮጌ ቀለህ ይተክላል። አሮጌ ከሆነ ነጥቡ ይበዛል። ትናንት ውታፉን ካሳየኸኝ ጀምሮ አውቄዋለሁ። እዚህ ላለመምጣት ግን ምክንያት ስፈልግ ቆየሁ። ንቀለው አንተ፣ እኔ እጄ አይታዘዘኝም።"

ማሬሻሎው ተንበረከከ። ከመጨረሻው ጀመረ። የሎሪያኖን ቀለህ ነቅሎ ከንፈሩን በመሐረብ አሸው፣ ወደ ብርሃን አዞረው።

"አንድ ነጥብ።"

ሴቲሚዮ ዓይኑን ጨፈነ። ቆይቶ፣ "እንግዲህ ልጄ ባሏን አገኘች" አለ። "እዚህ ላይ ብናቆምስ?"

"አልችልም ሲኞር ሴቲሚዮ።"

"አውቃለሁ። ለማለት ያህል ነው።"

አሥራ አንደኛው አንድ ነጥብ ነበረው። አሥረኛውም፣ ዘጠነኛውም። ማሬሻሎው በነቀለ ቁጥር የአንድ ሰው ስም ከሽማግሌው አፍ በሹክሹክታ ይወጣል፤ ነጥቡን ሲሰማ መስቀል ያማትባል። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱም አንድ ነጥብ። ከዚያ ሁለት ቀሩ፤ የሴቲሚዮ የራሱና ከጎኑ ያለው።

"የቀሩት ሁለት ናቸው" አለ ማሬሻሎው።

"መቁጠር እችላለሁ።"

ሁለተኛውን ነቀለው። በናሱ ከንፈር ላይ ሦስት ነጥቦች በተርታ ተቀምጠዋል። ማሬሻሎው አሳየው። ሴቲሚዮ ቀለሁን ተቀብሎ አፈሩን በጣቱ ጠረገለት፣ አላለቀሰም። "በስድስት ወር ነው የምበልጠው" አለ።

ዱይሊዮ ከቤቱ ደጃፍ ላይ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ሁለቱን አብረው ሲመጡ ሲያይ ፋሱን ግንዱ ላይ ሰካ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"እኔ ነኝ" አለ ሳይጠየቅ። "ነገ ጠዋት ልመጣ ነበር።"

"ነገ ጠዋት!" ሴቲሚዮ ጮኸ። ማሬሻሎው ይህ ሰው ሲጮህ ሰምቶ አያውቅም። "ልጄ ከእሑድ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ አንተ እንጉዳይ ታመላልስላታለህ! ባሏን አሳስረህ እንጉዳይ!"

"ማስረጃ የለም፣ ይለቁታል ብዬ ነው። ፈሪ ሆንኩ ሴቲሚዮ። አልዋሽህም።"

"ለፓሪዴ ለምን አልተኮስክም?"

ዱይሊዮ ግንዱ ላይ ተቀመጠ። "ገደሉ ሥር ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ታውቃለህ። ሞቶ አይደለም ያገኘሁት። ጥቂት ይተነፍስ ነበር። ኦቶሪኖ በላዬ አለፈ አለኝ። ጠራሁት፣ አየኝ፣ ሄደ አለኝ። ከዚያ ሞተ። ለማን ልናገር? ሰው አይቶ ማለፉን ማን ይመሰክርልኛል? በቀብሩ ቀን ያው ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ ነበር። እናንተ ስትተኩሱ እኔ ጣቴ እምቢ አለኝ። ያን ሰው ፊት ለፊቴ እያየሁ የፓሪዴን ባርኔጣ በአየር ላይ ልበትን? ጥይቱን ኪሴ ከተትኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከደረት ኪሴ አልወጣም።"

"ቅዳሜስ?" አለ ማሬሻሎው።

"ምንጩ ጋ አገኘኝ። አርጅተሃል ዱይሊዮ፣ ብቻህን አትዙር፣ ትወድቅና እንደ ጓደኛህ ትቀራለህ አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። ጠመንጃዬን ከፍቼ ያችን ጥይት ሳስገባት እንኳ አላመነኝም።" ሴቲሚዮን ቀና ብሎ አየው። "ሌላ ጥይት ነበረኝ። የፋብሪካ። እሱን ብጠቀም ኖሮ ማንም አያገኘኝም ነበር። ግን ፓሪዴ ራሱ እንዲሆን ፈለግሁ።"

"እኔ ያን የሞላሁት ሰማይ ላይ እንዲፈነዳ ነው" አለ ሴቲሚዮ። "በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የሠራሁት የለም። ለሰው አልነበረም ዱይሊዮ። ለሰው ብዬ አንድም ጊዜ አልሞላሁም።"

ዱይሊዮ ራሱን በእጆቹ መካከል ቀበረ።

ከቀትር በኋላ ሎሪያኖ ከጣቢያው ወጣ። ዮሌ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች፣ ቀጥሎም ለሁለት ወፍ ብሎ ስላስጨነቃት በጥፊ ትከሻውን መታችው። ሴቲሚዮ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር።

"ቤት ሂዱ" አለው አማቹን። "ድስቱ ውስጥ የባቄላ ሾርባ አለ። አሙቀህ ብላ።"

"አንተስ ባቦ?" አለች ዮሌ።

"እኔ ከተማ እሄዳለሁ።"

የጣቢያው መኪና ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል። ዱይሊዮ እጁ በካቴና ታስሮ ከኋላ ተቀምጧል፣ ፋውስቶ ከፊት። ሴቲሚዮ በሩን ከፍቶ ከዱይሊዮ ጎን ገባ።

"ሲኞር ሴቲሚዮ፣ ይህ የእስረኛ ማጓጓዣ ጉዞ ነው" አለ ማሬሻሎው። "ሕጉ አይፈቅድም።"

"እሱ በዕድሜው ከተማ የሄደው ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱንም ከእኔ ጋር። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ያጥወለውለዋል። ማን ሊይዘው ነው? ፋውስቶ ነው?"

ፋውስቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ማሬሻሎው መሪውን ይዞ ትንሽ ቆየ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ወረቀት አዛብቶ አያውቅም። ማርሽ አስገባና መኪናውን ነዳ።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ከኋላ ድምፅ ሰማና በመስተዋቱ አየ። ሴቲሚዮ ወደ ጓደኛው ዞሮ የኮቱን ቁልፎች ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ይቆልፍለት ነበር፤ የታሰረ ሰው ይህን ለራሱ ማድረግ አይችልም።

"አናደድኩህ አይደል?" አለ ዱይሊዮ።

"በጣም።"

"ትመጣለህ? አልፎ አልፎ?"

"አገጭህን ቀና አድርግ" አለ ሴቲሚዮ። "የላይኛው አልገባልኝም።"